ሣቅና በዓል በሥዕል፦ የሕፃናት መጽሐፍ ጉዞ ከእንቁጣጣሽ ወረቀት እስከ ሰሚት ግቢ

የሕፃናት መጽሐፍ በአገራችን በተነሣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «ትምህርት» የሚለው ነው። ቀጥሎ «ግብረ ገብ» ይመጣል፤ ከዚያም «ሥነ ሥርዓት»። «ሣቅ» የሚለው ቃል ግን በጉባኤም፣ በመምህራን ውይይትም፣ በአሳታሚ ጠረጴዛም ላይ ሳይጠራ የሚቀርበት ጊዜ ይበዛል። «በዓል» የሚለውም ቢሆን ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ዝግጅት የተተወ እንጂ መጽሐፍ የሚጻፍበት ርእሰ ጉዳይ መስሎ አይታይም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት የተዘነጉ ዘርፎች፣ ይኸውም ልጅን የሚያስቁና ልጅን ከበዓሉ ጋር የሚያስተዋውቁ የሥዕል መጻሕፍትን፣ ከታሪካቸው ተነሥቶ መመርመርና ለምርጫቸው መነሻ የሚሆን ሐሳብ ማቅረብ ነው። ጉዳዩ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። ልጅ ከመጽሐፍ ጋር የሚወዳጀው ወይም የሚቃቃረው ገና በለጋነቱ ነውና፣ በዚያን ጊዜ እጁ ላይ ያረፈው መጽሐፍ ምን ዐይነት እንደ ነበረ የማንባቢውን ትውልድ ዕጣ ይወስናል።

መነሻችንን ሰሚት ላይ ማድረጋችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሚት እንደ አብዛኛው የቦሌ ምሥራቃዊ ዳርቻ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እህል የሚበቅልበት ሜዳ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ ዓመታት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሲስፋፋ፣ ከልዩ ልዩ የከተማዋ ሰፈሮች በዕጣ የተገናኙ ቤተሰቦች በአንድ ደረጃ የሚወጡበትና የሚወርዱበት፣ በጋራ መገልገያው ህንፃ እንጀራ የሚጋግሩበትና የበዓል በግ የሚያርዱበት አዲስ ማኅበረሰብ ተፈጠረ። እንዲህ ባለው ሰፈር ልጅ የሚያውቀው ጎረቤት የአጎቱ ወይም የአያቱ ቤት አይደለም፤ የኦርቶዶክሱ፣ የሙስሊሙ፣ የፕሮቴስታንቱ፣ የአማራው፣ የኦሮሞው፣ የጉራጌው፣ የትግሬው ቤት በአንድ ብሎክ ተደራርቦ ይገኛል። የቡሄ ጨፋሪ ከደጅ ወደ ደጅ ሳይሆን ከፎቅ ወደ ፎቅ ይሄዳል። አደይ አበባ የሚለቀምበት ሜዳ በአስፋልትና በሲሚንቶ ተሸፍኖ አበባው ከመንገድ ዳር ሻጭ ይገዛል። ታሪክ ነጋሪዋ አያት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሌላ ሰፈር ወይም በሌላ ክፍለ ሀገር ናት። በአጭሩ፣ ቀድሞ በሜዳውና በምድጃው ዳር ለልጅ በነፃ ይታደል የነበረው ባህል እዚህ በሌላ መንገድ መድረስ አለበት። ከእነዚያ መንገዶች አንዱ የሥዕል መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለው ሰፈር በሚገኙ የሕፃናት መደርደሪያዎች ላይ ዓይን የሚገባው በውጭ አገር ታትሞ የመጣው ነው። በረዶ አለ፤ የጥድ ዛፍ አለ፤ ቀይ ካባ የለበሰ ነጭ ጢም ሽማግሌ አለ፤ ገናውም በታኅሣሥ 16 ቀን ይውላል።

ሥዕልን ለተረክ ማዋል ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ከታሪኩ ጋር አልተዋወቀም። በብራና መጻሕፍት ውስጥ የተአምር ታሪኮች በተከታታይ ሥዕል ይተረኩ ነበር። በአዲስ አበባ ሠዓልያን እጅ የዳበረው የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ሥዕልም አንዱን ሸራ በመደዳ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ፣ ብዙውን ጊዜ 44 በሚደርሱ ሥዕሎች፣ ከዘንዶው መገደል እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ መመለስ ያለውን ትረካ ይዘልቃል። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር አጭር ጽሑፍ አለ። ይህን ሸራ በመቀስ ቆራርጦ በክር ቢሰፉት የሥዕል መጽሐፍ ይሆናል ማለት ማጋነን አይደለም። በሸራው ላይ ሣቅም አልጠፋም፤ ንግሥቲቱ ጨው የበዛበት ምግብ በልታ በሌሊት ውሃ ስትፈልግ የምትያዝበትን ትዕይንት ተመልካች ሁሉ በፈገግታ ነው የሚያልፈው። የጎደለው ሸራው ለልጅ ታስቦ አለመሠራቱ ነው።

ለልጅ ብቻ ሳይሆን በልጅ እጅ የሚሠራ የበዓል ሥዕል ግን አለን። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ሴቶች ልጆች አበባ ይዘው ሲዘፍኑ፣ ወንዶች ልጆች በወረቀት ላይ ፀሐይ፣ አበባ፣ መልአክ ወይም አውራ ዶሮ ሥለው ለዘመድና ለጎረቤት ያበረክታሉ፤ ሳንቲምም ይቀበላሉ። ይህ ልማድ በሥነ ሥዕል ታሪካችን ውስጥ የሚገባውን ስፍራ አግኝቷል ብዬ አላምንም። ዓመት በዓመት፣ ያለ ማንም አደራጅነት፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት ሠዓልያን ሥራቸውን ለሕዝብ የሚያቀርቡበት ሌላ ምን ዐውደ ርእይ አለ? መልአኩ ከአውራ ዶሮው ያነሰ፣ ፀሐዩ ጥርስ ያለው፣ አበባው ከቤቱ የረዘመ ሆኖ ሲመጣ ተቀባዩ ይሥቃል፤ ሠዓሊውም አብሮ ይሥቃል። ዛሬ በአብዛኛው የከተማው ክፍል ታትሞ የሚሸጠው ሥዕል ይህን የእጅ ሥራ ሸፍኖታል። ልጁ ሠዓሊ መሆኑ ቀርቶ አከፋፋይ ሆነ ማለት ነው።

ወደ ኅትመቱ ስንመጣ፣ ለልጆች ተብሎ ተረት የተሰበሰበበት ቀደምት መጽሐፍ በአማርኛ ሳይሆን በኦሮምኛ የተዘጋጀ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በግዕዝ ፊደል አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1894 በምንኩሉ፣ ከምጽዋ አጠገብ ባለው የስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ያወጡት የንባብ መጽሐፍ፣ አስቴር ጋኖ በቃሏ ይዛው የኖረችውን የሕዝብ ተረትና እንቆቅልሽ ለተማሪ አቀረበ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። የፊደል ገበታና ዳዊት ብቻ የንባብ መንገድ በነበሩበት ዘመን፣ ልጅ ከእናቱ አፍ የሰማውን ተረት በፊደል ተጽፎ ቢያገኝ ምን ያህል እንደሚደነቅ መገመት አያዳግትም።

በአማርኛ በኩል ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የኅትመቱ በር ሰፋ። ከነፃነት በኋላ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ በቃሉ የሚያጠናው መጽሐፍ ሆነ። እንስሳት የሚናገሩበት፣ ቀበሮ የምታታልልበት፣ ግጥሙ በጆሮ የሚቀር ሥራ ነው፤ ትውልዶች ከግጥም ጋር የተዋወቁት በእሱ ነው። ሆኖም የተረቱ ጉዞ ወደ ምክሩ ነው። ልጁ በቀበሮዋ ተንኰል መሣቅ ሲጀምር መምህሩ «ከዚህ ምን እንማራለን?» ብሎ ያቋርጠዋል። ይህ ጥያቄ ለብዙ ዘመን የሕፃናት ጽሑፋችንን ሲመራ ኖሯል፤ ዛሬም ከብዙ መጻሕፍት የኋላ ገጽ ላይ አልወረደም።

በዚህ ረገድ የሌሎች አገሮችን ልምድ መመልከት ይጠቅማል። በአውሮፓ ለሕፃናት የተዘጋጀ የሥዕል መጽሐፍ ፋና ወጊ ተደርጎ የሚጠቀሰው የሞራቪያው ኮሜኒየስ እ.ኤ.አ. በ1658 ያሳተመው ሥራ ራሱ የመማሪያ መጽሐፍ ነበር፤ ሣቅ የገባው ዘግይቶ ነው፤ የገባውም ያለ ጠብ አይደለም። በሶቪየት ሩሲያ ኮርኔይ ቹኮቭስኪ አዞ በከተማ ጎዳና ሲጋራ እያጨሰ የሚንሸራሸርበትን ቀልደኛ የግጥም ተረት ለልጆች በመጻፉ፣ የትምህርት ባለሥልጣን የነበሩት ናዴዥዳ ክሩፕስካያ እ.ኤ.አ. በ1928 በፕራቭዳ ጋዜጣ አጥብቀው ነቀፉት። ለልጅ ስለ እንስሳት እውነተኛ ዕውቀት እንጂ ትርኪ ምርኪ መስጠት አይገባም የሚል ነበር ክርክሩ። ቹኮቭስኪ «ከሁለት እስከ አምስት» በተባለው መጽሐፉ የሰጠው መልስ ግን እስከ ዛሬ አልተረታም። ልጅ ፈረስ ጋሪ ላይ ተቀምጦ ሰው ሲጎትተው አይቶ የሚሥቀው ነገሩ ስለ ተሳሳተበት አይደለም፤ ትክክለኛውን ስለሚያውቅ ነው። በተገለበጠው ዓለም ላይ መሣቅ የዕውቀት ማረጋገጫ ነው። ያላወቀ አይሥቅም። ለካድሬውም ለመምህሩም ይህ ነጥብ ሊጤን የሚገባው ይመስለኛል፤ ሣቅን ከትምህርት የሚለየው ግንብ በትልልቆች ራስ ውስጥ ብቻ ያለ ነውና።

በአገራችን ይህን ግንብ ካፈረሱት ሰዎች ግንባር ቀደሙ መጽሐፍ ይዘው ሳይሆን ሰውነታቸውን ይዘው የመጡ ተዋናይ ናቸው። ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሕዝቡ አባባ ተስፋዬ ብሎ የሚጠራቸው፣ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ይጫወቱ የነበሩ የመድረክ ሰው ናቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የልጆችን ጊዜ ያዙ፤ ለ42 ዓመታትም አልለቀቁም። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አያትም፣ ልጅም፣ የልጅ ልጅም እኩል አዘነላቸው። የእሳቸው ተረት ምክር ነበረው፤ ነገር ግን ምክሩ ከመድረሱ በፊት ጅቡ በአካላቸው ያነክስ፣ ጦጣዋ በጣቶቻቸው ትሮጥ፣ አህያዋ በጉሮሯቸው ታናፋ ነበር። ልጁ የሚያስታውሰው ይህን ነው። አባባ ተስፋዬ በአንድ ሰው ገላ የተሠራ የሥዕል መጽሐፍ ነበሩ ብንል ያስኬዳል። የሚቆጨው፣ ያን የፊትና የእጅ እንቅስቃሴ እያዩ በወረቀት የሚያሰፍሩ ሠዓልያን በብዛት አብረዋቸው አለመሰለፋቸው ነው።

በ1971 ዓ.ም. የታወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ፊደል አስቆጥሮ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ የማንበብ ሽልማት በዩኔስኮ በኩል አስገኝቷል። ዓመቱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የዓለም የሕፃናት ዓመት ብሎ ከሰየመው እ.ኤ.አ. 1979 ጋር መግጠሙ ደስ የሚል አጋጣሚ ነበር። ይሁንና ለአዲስ አንባቢ የቀረቡት ጽሑፎች ስለ እርሻ፣ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ኅብረት ሥራ የሚያስረዱ ናቸው፤ ከመስኩ ደክሞ የሚመጣው ጎልማሳም ሆነ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ የሚሥቅበት ገጽ እምብዛም አልነበረም። በዚያው ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ተቋቁሞ የአማርኛውን መጽሐፍ ገበያ አነቃቃ። ፕሮግረስና በኋላም ራዱጋ የተባሉት የሞስኮ አሳታሚዎች ደግሞ ወደ አማርኛ የተተረጐሙ መጻሕፍትን በአነስተኛ ዋጋ ወደ አገራችን ያስገቡ ነበር። የወረቀቱ ጥራትና የሥዕሉ ቀለም ዛሬም በብዙዎች ይታወሳል። ድቡ፣ የበርች ዛፉና የበረዶ ተንሸራታቹ ጋሪ ለአዲስ አበባ ልጅ በአማርኛ ስም ተጠራለት፤ የራሱ ጅብና የራሱ ዋርካ ግን እንዲያ ባማረ ቀለም አልመጣለትም።

ከሁሉ የሚገርመው የአንድ የሸገር ተረት ጉዞ ነው። ሃሮልድ ኮርላንደርና ታዋቂው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሊቅ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 በኒውዮርክ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ውስጥ፣ ለመጽሐፉ ርእስ የሆነው ታሪክ «በተራራው ላይ ያለው እሳት» የሚለው ነው። አንድ ባለጸጋ ጌታ አገልጋዩን አርሃን፣ በሱሉልታ ተራራ ራስ ላይ ያለ እሳትና ያለ ልብስ አንድ ሌሊት ቆሞ ካደረ መሬትና ከብት እንደሚሰጠው ይወራረዳል። አርሃ የሸመገለ ወዳጁን ያማክራል፤ ወዳጁም በሸለቆው ማዶ እሳት አንድዶ ያድራል። አርሃ ያን የሩቅ እሳት እያየ ብርዱን ይችለዋል። ጌታው ግን «እሳት አይተሃል፤ ስለዚህ ሙቀሃል» ብሎ ይክዳል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። ከዚህ በኋላ አንድ ብልህ ሰው ጌታውንና ዳኛውን ጨምሮ ታላላቆችን ሁሉ ለግብር ይጠራል። የወጡ ሽታ ከጓዳ ይመጣል፤ ምግቡ ግን አይመጣም። እንግዶቹ ሲቆጡ «የሩቅ እሳት የሚያሞቅ ከሆነ የወጥ ሽታስ ለምን አያጠግብም?» ይላቸዋል።

እንግዲህ ይህ ተረት የምንፈልገውን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ ነው። ግብር አለ፤ ሣቅ አለ፤ ፍትሕ አለ፤ ሥዕል የሚሆን ነገር ሞልቶበታል፦ የጨለማው ተራራ፣ እንደ ከዋክብት የምትታየው እሳት፣ ምራቃቸውን የሚውጡ መኳንንት። ተራሮቹም ከሰሚት በስተ ሰሜን ያሉት የእኛው ናቸው። በልጅነቷ በማጂ ያደገችው አሜሪካዊት ጸሐፊ ጄን ከርትዝ ይህንኑ ተረት እ.ኤ.አ. በ1994 በኧርል ሉዊስ የውሃ ቀለም ሥዕሎች አስውባ ለልጆች አቀረበችው። ሥራው ውብ ነው፤ ምስጋናም ይገባዋል። ነገር ግን የተራራው እሳት በቀለም የደመቀው በእንግሊዝኛ ለሚያነብ የአሜሪካ ልጅ ነው። የሽሮ ሜዳው ልጅ ታሪኩን ሲያገኘው እንደ አርሃ ከሸለቆው ማዶ ሆኖ ነው።

ይህን ርቀት ለማጥበብ በተደረገው ጥረት የዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ስም ጎልቶ ይነሣል። ዮሐንስ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ፣ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የልጆች መጻሕፍት እንዲያዝዙ ኃላፊነት ይሰጣቸዋል። የሁሉም ቋንቋ ተገኘ፤ የአማርኛ ግን ጠፋ። ከዚህ ቁጭት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የታተመው «ቂሉ ማሞ» ነው፤ ሥዕሎቹ የቦጋለ በላቸው ናቸው። ማሞ እናቱ ያለችውን ሁሉ ይፈጽማል፤ ችግሩ ትናንት ለአንዱ ነገር የተነገረውን ምክር ዛሬ ለሌላው ነገር ማዋሉ ነው። ለሳንቲም የተመከረውን ለወተት ያደርገዋል፤ ለወተት የተመከረውን ለሌላ። የተረት አጥኚዎች ይህን ዐይነት ታሪክ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ አግኝተውታል፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተሙት የጆሴፍ ጃኮብስ መድበል ውስጥ «ሰነፉ ጃክ» ይሉታል። ማሞ ግን ነጠላና ቁምጣ ለብሶ፣ በአገሩ መንገድ የሚሄድ የእኛ ሰው ነው።

የማሞ ሣቅ ጥበብ የት እንዳለ ልብ እንበል። ልጁ ገጹን ከመግለጡ በፊት ማሞ ምን እንደሚያጠፋ ያውቃል። «እንዳታደርገው!» ብሎ ይጮኻል። ሁልጊዜ የሚመከር፣ ሁልጊዜ የሚታረም ልጅ፣ ለአንዲት ሰዓት መካሪና አራሚ ይሆናል። የቃላቱን አንድም በአንድ አለመፍታት የሚያስከትለውን ጣጣ ማንም «ከዚህ ምን እንማራለን?» ሳይለው ይገነዘባል። ይህን መጽሐፍ ለመምህራን ስመክር የማነሣው አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱም «ቂል» የሚለው ቃል በክፍል ውስጥ ደካማ ልጅ መሳለቂያ እንዳይሆን መጠንቀቅን ይመለከታል። መፍትሔው መጽሐፉን መደበቅ ሳይሆን፣ ማሞ በመጨረሻው ከብልሆቹ ሁሉ የበለጠ ወዳጅ የሚያፈራ ሰው እንዲሆን አድርጎ ማንበብ ነው።

ዮሐንስ 15,000 የሚደርሱ መጻሕፍት ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱና በ1995 ዓ.ም. በሾላ፣ በመኖሪያቸው ቤት፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለው ድርጅታቸው በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍትም አሰማራ፤ አህያዋ ራሷ ለልጆቹ ከመጽሐፉ እኩል የምትናፈቅ ሆነች። ሲ.ኤን.ኤን. እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጣቸው። በ1990ዎቹ ማብቂያ በብሩክታዊት ጥጋቡና በባልደረባዋ የተፈጠረችው ቀጭኔዋ ፀሐይ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተሰኘው የቴሌቪዥን ዝግጅት አሻንጉሊት ሆና ብቅ አለች፤ በመጽሐፍም ወጣች። በሲያትል የሚገኙ ኢትዮጵያውያንና ወዳጆቻቸው ደግሞ፣ ያችው ጄን ከርትዝ የተሳተፈችበትን «ሬዲ ሴት ጎ» የተባለ የሁለት ቋንቋ የልጆች መጻሕፍት ተከታታይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ማሳተም ጀመሩ። በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ለሕፃናት የተለየ ክፍል አዘጋጅቷል።

ይህ ሁሉ ጥረት ለምን እንዳስፈለገ የሚያሳይ አንድ አኃዝ ብቻ ልጥቀስ። በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተካሄደው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ በኋላ በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት መዘጋጀታቸው ተገቢ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ማንበብ በመማሪያ መጽሐፍ ይጀመራል እንጂ በመማሪያ መጽሐፍ አይጸናም። ልጁ ደጋግሞ እንዲያነብ የሚያደርገው ፈተና ሳይሆን ማሞ ምን እንዳጠፋ እንደገና ለማየት ያለው ጉጉት ነው።

አሁን ወደ በዓሉ እንመለስ። ሣቅና በዓል ለየብቻ የቆሙ ሁለት ርእሶች መስለው ቢታዩም በባህላችን ውስጥ መንታ ናቸው። በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ የሚናገረው የቆየ አባባል ሙሉ የበዓል ፍልስፍና ነው፤ በዚያች ቀን ሎሌው በሩሩ ጌታውን ማባረርና በግጥም መንካት ይችላል። የቡሄ ልጅ ሙልሙል የነፈገችውን ባልቴት በቅኔ ይሸነቁጣል፤ እሷም ሥቃ ዳቦዋን ታወጣለች። ጳጉሜ 3 ቀን ሩፋኤል ሲውል ልጆች ከነ ልብሳቸው ወይም ያለ ልብሳቸው ለዝናቡ ይሮጣሉ፤ እናቶች ሌላ ቀን ቢሆን የሚቆጡበትን ያን ዕለት በረከት ነው ብለው ያሳልፋሉ። ጳጉሜ ራሷ፣ አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ያላት ወር፣ ለልጅ ሐሳብ የተሰጠች ገጸ ባሕርይ ናት። ከአሥራ ሁለቱ ረጃጅም ወንድሞቿ መካከል የቆመች ትንሽ እኅት አድርጎ የሚሥላት ሠዓሊ ቢገኝ ዓለም የሌላትን መጽሐፍ እናገኝ ነበር።

ስለዚህ በዓልን ለልጅ የሚጽፍ ደራሲ የበዓሉን አመጣጥ ለመተንተን ባይቸኩል ይመከራል። መስቀል በ2006 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም.፣ የሲዳማ ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ መስፈራቸው ለዐዋቂ ትልቅ ዜና ነው፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ግን የችቦው ጫፍ የማን ፀጉር አጠገብ እንደ ደረሰ ይበልጣል። ለእሱ በዓል ማለት ዶሮዋ ከመታረዷ በፊት አምልጣ በደረጃው ስትወርድ፣ የሦስተኛው ፎቅ አባወራ በነጠላ ጫማ ሲከተሏት ነው። የኢድ ጠዋት አዲስ ጫማው የጠበበው ልጅ ከሶላት መልስ እያነከሰ ሲሰበስብ የዋለው የኢድ ሳንቲም ነው። ለኢሬቻ የተሰናዳው እርጥብ ሣር በታክሲ ውስጥ የጎረቤቱን አፍንጫ ሲኮረኩር ነው። እነዚህ ታሪኮች በሰሚት ብሎኮች ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ይፈጸማሉ። ሠዓሊና ደራሲ ወርደው ቢመለከቱ ርእስ አይቸግራቸውም። አንዱ ልጅ የሌላውን በዓል በሣቅ በኩል ካወቀው ደግሞ ጎረቤቱን የሚያውቀው በስብከት በኩል ከሚያውቀው በተሻለ ነው።

ስለ ሥዕሉ ጥበብ ጥቂት ልበል። ከሰምና ወርቅ አገር የወጣን ሰዎች የሥዕል መጽሐፍን ምሥጢር ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። በጥሩ የሥዕል መጽሐፍ ቃሉ ሰም፣ ሥዕሉ ወርቅ ይሆናል። ቃሉ «አያ ጅቦ በእንግድነት ሄደ» ሲል፣ ሥዕሉ ምራቁ እየተንጠባጠበ ያሳየዋል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚለውን ምሳሌ ያስቡ፤ ቃሉ የጨዋ እንግዳ ልመና ነው፤ ሥዕሉ ደግሞ ቁርበቱን ከጫፉ ማኘክ የጀመረ እንግዳ። ጸሐፊው «በላው» ብሎ አንድ ቃል ቢጨምር ሣቁ ይሞታል። ልጁ ራሱ አይቶ «እየበላው ነው!» ማለት አለበት። ብዙዎቹ የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት የሚደክሙት እዚህ ላይ ነው፤ ሥዕሉ ቃሉ ያለውን ይደግማል፣ ቃሉም ሥዕሉ ያሳየውን ያብራራል። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶችም ለልጅ ሲቀርቡ ይህ ችግር ይገጥማቸዋል። ጨዋታቸው ከቃል መሰንጠቅ የሚወጣ ስለሆነ ብዙው በሥዕል አይያዝም፤ አንዳንዱም ለልጅ ጆሮ አይሆንም። መራጭ እጅ ካገኙ ግን አለቃ ከአህያዎቹ ጋር፣ አለቃ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ማዘንጊያ ጋር የሚገጥሙባቸው አጫጭር ትዕይንቶች አሉ።

የዋጋውም ነገር ሊዘለል አይገባም። ባለ ቀለም ኅትመት በሰማያዊ፣ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር አራት ፕሌት ይጠይቃል፤ ወረቀቱም ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ይገባል። የፕሌቱ ወጪ አንድ ሺህም ታተመ አሥር ሺህ ያው ስለሆነ፣ በጥቂቱ የሚታተም መጽሐፍ በውድ ይሸጣል፤ በውድ የሚሸጠው ደግሞ በጥቂቱ ይገዛል። ከዚህ አዙሪት ለመውጣት ከተሞከሩት መንገዶች አንዱን ሥዕል በልዩ ልዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች ጽሑፍ ማተም ይገኝበታል፤ የሚለወጠው የጥቁሩ ፕሌት ብቻ ነውና። ሌላው በሁለት ቀለም መሥራት ነው። በጥቁርና በአደይ አበባ ቢጫ ብቻ የተሣለ የእንቁጣጣሽ መጽሐፍ ደሃ መሆን የለበትም፤ እንዲያውም ቢጫው ብቻውን ሲበራ ዐይን ከአራቱ ቀለም ይልቅ ይስበዋል።

መምህርና ወላጅ መጽሐፍ ሲመርጡ ከሽፋኑ ይልቅ ጮክ ብሎ ማንበቡን ቢያስቀድሙ እመክራለሁ። ከሻጩ ፊት ቆመው ሦስት ገጽ ያንብቡት፤ አማርኛው ምላስ ላይ ከተንቀረፈፈ፣ ከሌላ ቋንቋ ቃል በቃል የተገለበጠ ስለሆነ ይተውት። በመጨረሻው ገጽ ልጁን የሚመረምር ጥያቄ ካለ ያንን ገጽ ሳያነቡ ይዝጉት። «ቂሉ ማሞ»ን ለሣቅ፣ የተራራውን እሳት ተረት ለግብርና ለፍትሕ፣ የፀሐይን መጻሕፍት ለትንንሾቹ ቢያስቀድሙ አይሳሳቱም፤ የተራራውን በእንግሊዝኛ ብቻ ካገኙት ሥዕሉን እያሳዩ በአማርኛ ይተርኩት፤ ተረቱ አስቀድሞም የኖረው በቃል ነው። መጽሐፍ በሌለበት ደግሞ የሰሚት ግቢዎች ራሳቸው ማተሚያ ሊሆኑ ይችላሉ። በነሐሴ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች በደረጃው ላይ በሚሰላቹበት ወር፣ አንድ ደስታ ወረቀትና ጥቂት የቀለም እርሳስ በብሎኩ ኮሚቴ ቢገዛ፣ እያንዳንዱ ልጅ የቤቱን በዓል አንዲት አስቂኝ ገጠመኝ በአንድ ወረቀት ይሥላል። ለመስከረም 1 የሚዞረው ሥዕል በዚህ ዓመት ከመንገድ ዳር የተገዛው መሆኑ ቀርቶ፣ ዶሮዋ ከአራተኛው ፎቅ ስታመልጥ የሚያሳየው ይሆናል፤ ወረቀቶቹም በኋላ ተሰብስበው በመርፌና በክር ይሰፋሉ።